ጭንብሉን ማን ያውልቀው?

ማስትሪኽት፣ ሴፕቴምበር 12

ይድረስ ለሂስከ፣

ጤናሽን አልጠይቅሽም፤ ብጠይቅሽም «አለሁ» እንደምትይ አውቀዋለሁ። እኔም አለሁ። ወደዚህ ወደ ደቡብ ከመጣሁ ወዲህ ዝናቡ አላባራም፤ ከምሠራበት ወርክሾፕ በላይ የተከራየኋት ክፍል ግን ደረቅ ናት።

«ስልክ ብትደውል ምን ይጎድልብሃል?» ላልሽው፣ ባለፈው እሁድ ስንደዋወል ስለ ድንች ዋጋ አውርተን ከዚያ ዝም እንዳልን አትርሺ። ወረቀት ላይ ዝምታ አይሰማም። ደግሞም ካርቶኑን ልልክልሽ ፖስታ ቤት መሄዴ አይቀርም ነበር፤ ይህችን ወረቀት አብሬ ከተትኳት።

አሮጌው የኮከብ ማጥሪያ ጭንብል እምቢ ያለሽ አንቺ አጥፍተሽ አይደለም። እሱ የተቆረጠው ለድሮው ረጅም ቴሌስኮፕ ነው። አምና ሦስታችን የሠራነው አጭሩ፣ ፈጣኑ፣ ሌላ ፍጥረት ነው። ያኛው ሌሊቱን ሙሉ የሚለቅመውን ብርሃን ይሄ ከእራት በፊት ሰብስቦ ይጨርሳል። ችግሩ ኮከቡ ጥርት የሚልበት ቦታ የአንዲት ፀጉርን ውፍረት ሩብ አያክልም፤ ማዞሪያውን ገና ነካ ስታደርጊው አልፈሽው ትሄጃለሽ። ስለዚህ አዲስ ጭንብል እቀርጽልሻለሁ። የመጀመሪያው ለሙከራ ስለሆነ ከካርቶን ቆርጬዋለሁ። የቴሌስኮፑ አፍ ላይ ግጠሚው። እንደምታውቂው ነው፤ በጭንብሉ ስንጥቆች ያለፈው ብርሃን ኮከቡን ሦስት መስመር ያደርገዋል። ሁለቱ ኤክስ ሠርተው ይቆማሉ፤ ሦስተኛው መሃል ለመሃል ሲያልፋቸው ኮከቡ ጠራ፣ ፎከሱ ገባ ማለት ነው።

ልጃችን ፋርዳው የጀመረችውን የሰባቱን ከዋክብት ፎቶ ልጨርስላት ብለሽ መነሳትሽ ጥሩ ነው። ከማርች ወዲህ፣ ከቀብሯ ወዲህ፣ ካንቺ በፊት የቴሌስኮፑን ሸራ የገለጠ ሰው አልነበረም።

ሌላውን ጥያቄሽንም አይቼዋለሁ።

ቮበ


ቴርስኸሊንግ፣ ሴፕቴምበር 21

ቮበ፣

«አይቼዋለሁ» ብሎ መልስ አለ እንዴ? «ወደ ቤትህ ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም?» ብዬ ነው የጻፍኩልህ። እንደ ሙዚየም ሥዕል አይተኸው የምታልፈው ነገር አይደለም፣ አንተ ሰው!

ካርቶንህ ደርሶ፣ ደርሶም ሞቷል። የደሴቱን እርጥበት በአንድ በጋ ረሳኸው? ገና ማምሻውን እንደ ራሰ ዳቦ አብጦ ስንጥቆቹ ተደፈኑ። ከማበጡ በፊት ያየሁትን ልንገርህ፦ መስመሮቹ ይወጣሉ፤ ግን ድንክ ናቸው። ከኮከቡ ራቅ ብለው አይሄዱም፤ መሃል ይሁኑ ዳር ለማየት ዓይኔን እስኪያመኝ አፈጠጥኩ።

ጎረቤታችን ሲፕከ በትራክተሩ ሲያልፍ አጥሩ ጋ ቆመና «ሂስከ፣ ዘንድሮ ያ ጩኸት የለም እንዴ? ላሞቼ ናፈቃቸው እኮ» አለኝ። አፉን ሳይዘጋ ትዝ አለው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔ «የለም» አልኩት።

ማታ ሚስቱ በይቅርታ ፈንታ የአተር ሾርባ ይዛ መጣች። ቁጭ አለችና «ስንት ዘመን ስንሰማው ኖርን፤ ግን ምን ማለት ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። «አባቷ ጭንብሉን አጥልቆ ማዞሪያውን ያዞራል። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ሆኜ "ግፋ፣ መልስ፣ ቁም" እላለሁ። ፋርዳው ታወልቀዋለች። አውልቃው በእጇ እንደያዘች "ራቁቱን ነውውው!" ብላ ካልጮኸች እኔ ፎቶ አልጀምርም» አልኳት። ጭንብሉን ሳያወልቅ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ብዙ እንደሆነ፣ ያ ሁሉ ፎቶ ከጥቅም ውጪ እንደሚሆን፣ ልጃችን ይህን ሥራ ገና ጥርሷ ሲነቀል ጀምሮ ስለያዘችው እኛ አንድም ቀን ረስተን እንደማናውቅ አስረዳኋት። ሴትዮዋ አለቀሰች። እኔ ሾርባውን ወደ ራሴ ድስት ገለበጥኩና ዕቃዋን አጥቤ ሰጠኋት።

ማልቀስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ይኸው እንደዚህ ነኝ። ክንድህ ላይ ተኝተህበት ስትነሳ እንዴት ነው? የራስህ ነው፣ ግን ስትነካው የሰው ይመስልሃል። መላ ሰውነቴ እንደዚያ ነው።

ካርቶን እንዳትልክ።

ሂስከ


ማስትሪኽት፣ ኦክቶበር 3

ሂስከ፣

የጥርስ ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ፤ ነቀለው። እበላለሁ። ካልሲም አለኝ። ይህ በስልክ ለጠየቅሽኝ ሦስት ጥያቄዎች ነው።

አሁን ስለ መስመሮቹ። ድንክ የሆኑት የኢንተርኔቱን ቀመር ስለተጠቀምኩ ነው፤ እሱ የሚሠራው ለረጃጅሞቹ ነው። ስንጥቆቹ በጠበቡና በተጠጋጉ ቁጥር መስመሩ እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ አጠበብኳቸው። ሌላም ስህተት ነበረብኝ። የኛ ቴሌስኮፕ ትንሹ መስታወት ትንሽ አይደለም፤ መሃሉ ላይ ተቀምጦ ትልቅ ጥላ ይጥላል። እኔ ደግሞ ጥሩ ጥሩዎቹን ስንጥቆች እዚያው ጥላው ውስጥ ደርድሬ ነበር። ብርሃን የማያገኝ ስንጥቅ ምን ይጠቅማል? አሁን ሁሉንም ወደ ዳር አውጥቻቸዋለሁ። ይህኛው ከጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ አያብጥም።

ሁለቱ ሰያፍ ስንጥቆች የሚለያዩበትን ማዕዘንም አጥብቤዋለሁ። እሱ ሲጠብ ትንሿ ስህተት ትልቅ ሆና ትታያለች። ፈጣን ቴሌስኮፕ እንደዚያ ካላደረጉለት ያታልላል፤ ጠርቷል ስትይ አልጠራም።

ስለ ሲፕከ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ደግሜም አንብቤዋለሁ።

የፕላስቲኩን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጊው፤ ጣትሽን እንዳይቆርጥሽ።

ቮበ


ቴርስኸሊንግ፣ ኦክቶበር 14

ለጥርሱ እዝንልሃለሁ። ለሌላው አላዝንልህም።

ሰማዩ አንድ ምሽት ብቻ ገለጥ ብሎልኝ ነበር፤ ያንንም ሲፕከ ሊያበላሽብኝ ነበር። ጎተራው ላይ አዲስ መብራት ሰቅሏል፤ የእግር ኳስ ሜዳ ነው የሚመስለው። ሄጄ «ሲፕከ፣ ላሞችህ መጽሐፍ ያነባሉ እንዴ?» አልኩት። «ሌባ እንዳይገባ ነው» አለኝ። «እዚህ ደሴት ላይ? ሌባውስ ላምህን በጀልባ ጭኖ የት ይሄዳል?» ስለው ሳቀና አጠፋው። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ። ጉንጬ ተንቀሳቅሷል።

ጭንብልህ አሁን ረጃጅም መስመር ያወጣል። ግን መሃለኛው መስመር ላይ ሌላ መስመር ተደርቦበታል። ከየት መጣ ብዬ ብዙ ተጨነቅኩ። ለካ ትንሹን መስታወት አንጠልጥለው የያዙት አራቱ ቀጫጭን ብረቶች የሚያወጡት ነው! እነሱ በራሳቸው አራት ጨረር ያወጣሉ፤ ያንተ መስመር ልክ እነሱ ላይ ወደቀ። የትኛው እንደተንቀሳቀሰ፣ የትኛው እንደቆመ መለየት አቃተኝ። ጭንብሉን በእጄ ጠምዘዝ ሳደርገው ተለያዩልኝ፤ ነፋሱ ግን መልሶ አዞረው። አንተ ብረት ሠሪ፣ ይሄ ይጠፋሃል? ከእኛ ጋ ብትሆን አንዴ አይተህ ትይዘው ነበር።

«ከእኛ ጋ» ብዬ ጻፍኩ። አልሰርዘውም።

እንግዲህ ስማኝ። ኖቬምበር 14 ልደቷ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እጠብቅሃለሁ። ብትመጣ ሌላ ጥያቄ አልጠይቅህም፤ ለምን ሄድክም አልልህም። ካልመጣህ ግን ይሄን ቤት ብቻዬን አላሞቀውም፤ ዘግቼው ግሮኒንገን እህቴ ጋ እገባለሁ፣ እኔና አንተም በዚያው ጨረስን። ማስፈራራት እንዳይመስልህ። ለማስፈራራት እኮ ጉልበት ያስፈልጋል።

ሂስከ


ማስትሪኽት፣ ኦክቶበር 25

ሂስከ፣

ልክ ነሽ፤ ሊጠፋኝ አይገባም ነበር። መሃለኞቹን ስንጥቆች ከብረቶቹ አንጻር አጋድሜያቸዋለሁ፤ አሁን ሦስቱም መስመሮች በአራቱ ጨረሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ይወድቃሉ። ነፋስ እንዳያዞረው ጠርዙ ላይ አንዲት ጥርስ አበጅቼለታለሁ። ቱቦው አፍ ላይ ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ትገባለች፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አይልም።

ይህኛው አልሙኒየም ነው። በስንጥቆቹ መካከል የቀሩት ዘንጎች በጣም ስለቀጠኑ አለቃዬ ሲያየው «ምንድነው፣ የወፍ ማበጠሪያ ነው?» አለኝ። «ለባለቤቴ ነው» አልኩት። «ባለቤትህ ወፍ አላት?» አለ። «የላትም» አልኩት። በዚሁ አበቃ።

ስለ ኖቬምበር 14፦ ወርክሾፑ ትእዛዝ በዝቶበታል። ፈቃድ ይሰጡኝ እንደሆነ አላወቅኩም።

ክፍሏን ታሞቂዋለሽ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። ለመስኮቱ ብዬ ነው፤ እንዳይሻግት።

ቮበ


ቴርስኸሊንግ፣ ኖቬምበር 2

ቮበ፣

ትናንት ገጠምኩት። ጥርሷ ቀጭ ብላ ገባች። ብሩህ ኮከብ ላይ አነጣጠርኩ፤ ሦስቱ መስመሮች ቀጥ ብለው ወጡ፤ ማዞሪያውን በጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው መሃለኛው ሄደ፣ ስመልሰው መጣ። እንደዚህ ያለ ጭንብል በዘመኔ አላየሁም። ወዲያው ደመናው መጣና ሸራውን መለስኩ።

አልቋል እንግዲህ። ሥራህ ተፈጽሟል፣ እጅህን ይባርከው።

ፈቃድ ጠይቀሃል? አልጠየቅክም። አውቅሃለሁ። ጠይቀህ ቢከለክሉህ ኖሮ ግማሽ ገጽ ሙሉ ትረግማቸው ነበር። አንተ እኮ ደመወዝህን ያዘገዩብህ ጊዜ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሲፕከ ውሻ ሳይቀር ነው የነገርከው።

ክፍሏን አሞቀዋለሁ። ለመስኮቱ ብዬ።

ሂስከ


ማስትሪኽት፣ ኖቬምበር 8

ሂስከ፣

ደስ ብሎኛል። ግን ደግሜ ሳስበው ዘንጎቹ ከልክ በላይ የቀጠኑ ይመስለኛል። በደሴቱ ነፋስ ይንቀጠቀጣሉ፤ ዘንጉ ከተንቀጠቀጠ መስመሩም ይደበዝዛል። ትንሽ ወፈር አድርጌ አራተኛ ልቁረጥልሽ። እስከዚያ ሰባቱን ከዋክብት አትጀምሪ። በአንድ ወር ጊዜ ይደርስሻል፤ እነሱ እንደሆኑ ክረምቱን ሙሉ የትም አይሄዱም።

ስለ 14ኛው ቀን እጽፍልሻለሁ።

ቮበ


ቴርስኸሊንግ፣ ኖቬምበር 16

ቮበ፣

አልጻፍክም፣ አልመጣህም። እኔ ልጻፍልህ።

ጠዋት መጸዳጃ ቤት ስገባ በሩ ላይ ያለው፣ የቤተሰቡ ልደት የሚጻፍበት የቀን መቁጠሪያ ቀድሞ ጠበቀኝ። ስሟ በራሷ እጅ ጽሕፈት አለ፤ አጠገቡ «ስጦታ ግዴታ ነው!» ብላ ጽፋበታለች። በገዛ ቤቴ ሌላ መጸዳጃ ቤት የለኝ፤ ስገባ ስወጣ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሲፕከና ሚስቱ ኬክ ይዘው መጡ። ብቻዬን እንዳልውል አስበው ነው። ሲፕከ እንደ ወጉ ከደጅ ሲገባ እጁን ዘርግቶ «እንኳን ለልጅሽ…» ብሎ ቀረ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ጨበጥኩት። ምን ላድርግ? ሰውየው እጁን የት ያግባው? ከዚያ እንደ ልደት ወጋችን ወንበሮቹን ዙሪያውን አድርገን ሦስታችን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሦስት ሰው ክብ አይሞላም። ኬኩን በላሁ። ጣፋጭ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ አልቀመስኩትም እንጂ።

አመሻሹ ላይ ሰማዩ ወለል ብሎ ተከፈተ። አራተኛህን አልጠበቅኩም። ወጣሁ። ጭንብሉን አጠለቅኩ። ማዞሪያውን አዞርኩ፣ ኮምፒውተሩ ጋ ሮጥኩ፣ አየሁ፣ ተመልሼ አዞርኩ፣ ደግሞ ሮጥኩ። የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው እግር ነው የሚከብደው። መሃለኛው መስመር ልክ ገባ። ዘንጎችህም አልተንቀጠቀጡም። ቴሌስኮፑን ወደ ሰባቱ ከዋክብት አዞርኩትና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ተቀምጬ ጠበቅኩ። ቮበ፣ ምን እንደምጠብቅ እንኳ አላወቅኩም ነበር። ጣቴ አዝራሩ ላይ ነው፤ አልጫንም። ቆየሁ። ሲበርደኝ ጊዜ ተጫንኩት።

ጠዋት ፎቶዎቹን ከፈትኩ። ሁሉም። አንዱም አልተረፈ። ሰባቱም ከዋክብት ኤክስ በኤክስ ሆነዋል። ወጥቼ ሳየው ጭንብሉ ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ጤዛ ለብሶ ተቀምጧል። የከዋክብት ክለባችን ጀማሪዎች ሲያደርጉት ስንስቅባቸው የኖርነውን እኔ አደረግኩት።

ረሳሁት እንዳልልህ፣ ዓይኔ እያየው ነው ያለፍኩት። ማንም አልጮኸም፤ ይኸው ነው። ማንም ስላልጮኸ አልወለቀም።

ሦስቱን አትሜ ልኬልሃለሁ፤ የመጀመሪያውን፣ የመሃሉንና የመጨረሻውን። ለምን እንደላክኩልህ አትጠይቀኝ። በወሩ መጨረሻ ቁልፉን ለሲፕከ ሰጥቼ እሄዳለሁ። አልተቆጣሁህም። መቆጣት ብችል እንዴት ደስ ባለኝ።

ሂስከ


ማስትሪኽት፣ ኖቬምበር 21

ሂስከ፣

ፖስታውን ወርክሾፑ ውስጥ ከፈትኩት። ደብዳቤሽን ሳላነብ ፎቶዎቹን ነው ያየሁት። የፎከስ ሙከራ መስለውኝ መስመሩን መመርመር ጀመርኩ፤ ልማድ ነው፣ ይቅር በይኝ። በመጀመሪያው ላይ መስመሩ ልክ መሃል ነው። በመሃሉ ላይ ወደ ዳር ሸሽቷል። በመጨረሻው ላይ ጭራሽ ወጥቷል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቱቦው ስለሚያጥር ነው፤ መለስ ብሎ ማዞሪያውን ነካ የሚያደርግ ሰው ካለ ምንም አይደል። ሰው እንዳልነበረ ገባኝ። ጀምረሽው ሄደሻል። የት ሄድሽ?

ከዚያ ደብዳቤሽን አነበብኩ። «ማንም አልጮኸም» የሚለው ጋ ስደርስ እዚያው ማሽኑ አጠገብ አለቀስኩ። ሂስከ፣ በቀብሯ ቀን ያላወጣሁት ድምፅ ነው የወጣኝ። አለቃዬ ማሽኑ እጄን የቆረጠኝ መስሎት ፋሻ ይዞ እየሮጠ መጣ። «የቱ ጋ ነው? አሳየኝ!» እያለ እጄን ያገላብጣል። ምን ላሳየው?

አራተኛ ጭንብል የለም። አልጀመርኩትም። ሦስተኛው ምንም እንከን እንደሌለበት ከእጄ ሲወጣ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጭንብሉ ካለቀ ግን አንድ ምሽት ቴሌስኮፑ ያለበት መስክ ላይ ሁለት ሆነን መቆማችን ነው። እኔ አጠልቃለሁ፣ አንቺ «ቁም» ትያለሽ፣ ከዚያ ዝም ይላል። እሱን ዝምታ ፈርቼ ነው የሸሸሁት። አንቺን ሸሽቼ አይደለም። አንቺ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ሰማሽው፤ እኔ ደግሞ ስለ ዘንግ ውፍረት እጽፍልሻለሁ። አፈርኩ።

ሥራውን ለቅቄያለሁ። አርብ በማታው ጀልባ እመጣለሁ። ቁልፉን ሰጥተሽ ከሆነ ከሲፕከ እቀበለዋለሁ፤ ግሮኒንገን ከሄድሽም እዚያው እከተልሻለሁ። እህትሽ በር ብትዘጋብኝ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። የምመጣው ልደቷ ካለፈ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ። የፈለግሽውን በይኝ።

አንድ ነገር ብቻ። እንደ እሷ ቀጭን ድምፅ የለኝም። የሲፕከን ላሞች ባስበረግግ አንቺ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ቮበ


በቤቱ በር ላይ የተለጠፈ፣ አርብ

ቮበ፣

የት ሄድሽ ላልከኝ፦ አልጋዋ ላይ ተኝቼ ነበር፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ።

ሻንጣህን እዚሁ አስቀምጥ። ሾርባ ምድጃው ላይ አለ፤ እሱ ይቆይህ። በቀጥታ ወደ መስኩ ና። ሲፕከ መብራቱን አጥፍቶልናል፣ ላሞቹንም አስገብቷል።

ፎከሱ ገብቷል። ጭንብሉ አልወለቀም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ።

ሂስከ